ከእናቴ ጎን ሆኜ ያየሁት ቴአትር

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን ስዞረው ኖርኩ እንጂ ስሙን ጠርቼ አላውቅም። "በደሌን ይቅር በለኝ" እላለሁ፤ የትኛውን በደል እንደሆነ ግን አልናገርም፣ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ። "ቀለለኝ" ስል ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ። እንዲቀለኝ ነው እንዴ የምናገረው?

ስሜ ታምራት ነው። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የጋራዡ ልጆች "ቴአትሩ" ነው የሚሉኝ፤ እውነተኛ ስሜን የማያውቁም አሉ። ቴአትር እወድ ነበር። እወድ ነበር ማለት አይገልጸውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳዬን በልቼ፣ ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አስለቅቄ፣ ያለችኝን አንዲት ኮት ደርቤ ወደ መሀል ከተማ እወርዳለሁ። ጓደኞቼ ኳስ ሲያዩ እኔ ሰልፍ ላይ ነኝ። አንዱን ቴአትር ደጋግሜ አይቼ የተዋናዮቹን ቃል በልቤ እይዝና ሰኞ መኪና ስር ተኝቼ ለብቻዬ እወጣዋለሁ። ከሁሉም የምወደው የቤተሰብ ድራማ ነበር። ልጁን የካደ አባት፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ ልጆቿ የረሷት እናት። አለቅስ ነበር፤ ሳልደበቅ። ጎኔ የተቀመጠ ሰው ሶፍት አውጥቶ የሰጠኝ ጊዜ አለ። መድረክ ላይ ለሚበደል ሰው ዕንባዬ ቅርብ ነው። እኔ የዋህ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለማላውቀው ሰው የሚያለቅስ ሰው ክፉ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ያደግኩት ኮልፌ ነው። አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ የተጣላ ባልና ሚስት ለማስታረቅ እሱ ነበር የሚጠራው። እናቴ አስካለ ዝምተኛ ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ ሙኒራ ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እናቴና እሳቸው በአንድ ሰሞን ነው ሙሽራ ሆነው ወደዚያ ሰፈር የገቡት። የሁለቱን ግቢ የሚለየው ቆርቆሮ አጥር ላይ ዞረው እንዳይሄዱ ብለው ትንሽ በር አስከፍተው ነበር። በረመዳን እናቴ ማፍጠሪያ ሾርባ በዚያች በር ትሰዳለች፤ ለገና እትዬ ሙኒራ የእኛን እርድ ባይበሉም ለኔ ልብስ ገዝተው በዚያች በር ይገባሉ። እህት አልነበራትም እናቴ። እሳቸው ነበሩ እህቷ።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ታይፎይድ ይዞኝ ተኛሁ። ቤታችን በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ስለነበር ሳሎን ውስጥ የሚወራው ሁሉ መኝታው ጋ ይሰማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ለቆኝ ዓይኔን ጨፍኜ ተኝቻለሁ። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝና የተኛሁ መስሏት ተመለሰች። ከዚያ ከእትዬ ሙኒራ ጋር ማውራት ጀመሩ።

የሰማሁት ይህን ነው። አባቴ አስኮ አንዲት ሴት ነበረችው፤ ወልዳለታለች። እናቴ ወሬው ደርሷት፣ እትዬ ሙኒራን አስከትላ፣ ልታዋርዳት ወደ አስኮ ሄደች። በሩን ገፍታ ስትገባ ግን ያገኘቻት ጠያቂ የሌላት አራስ ነበረች። ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሴትየዋ የምትነሣበት አቅም የላትም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቆማ ነጠላዋን አወለቀችና፣ "ልሰድብሽ ነበር የመጣሁት። ዱቄቱ የት ነው?" አለቻት። ገንፎ አገነፋችላት። ሕፃኑን አጠበችው። ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ አባቴ ይህን ሁሉ እንደምታውቅ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። ሴትየዋም ብዙ ሳትቆይ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ገባች።

"ዱቄቱ የት ነው ስትያት እኔ የምገባበት ጠፋኝ" አሉ እትዬ ሙኒራ፤ ሁለቱም ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት። "ሙኒራ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሕፃኑን ሳቅፈው ደስ አለኝ። እሷ ላይ ሳልናደድ ቀርቼ አይደለም የማፍረው። የባሌን ጥፋት አቅፌ ደስ አለኝ፤ በዚህ ነው የማፍረው" አለች።

እትዬ ሙኒራ፣ "ይሄን አንቺም አላልሽም፣ እኔም አልሰማሁም። አላህ አይቶታል፤ እሱ ይበቃል" አሏት።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ለእናቴ ያለኝ ፍቅር እንዴት እንደጨመረ ልነግራችሁ አልችልም። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ብዙ ጊዜ ቆየሁ፤ እሷን ግን በዓይኔ እከተላት ነበር። አደራ እንደተሰጠኝ ነበር የቆጠርኩት። ማንም ያልሰጠኝን አደራ በልጅነቴ ጠበቅኩ። ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው የበላሁት።

አባቴ ከሞተ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይትባረክ የሚባል የቴአትር ደራሲ የመኪናው ሞተር እየጠፋ አስቸግሮት ወደ ጋራዣችን መጣ። ገና ሳየው አወቅኩት። ሽቦውን እየፈታሁ እሱ ከጻፈው ቴአትር አንድ ገጽ ያህል በቃሌ አልኩለት። ሳቀ፤ ወደደኝ። ልምምድ ሲያደርጉ መጥቼ እንዳይ ፈቀደልኝ። ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በኋላ አብሬያቸው ሻይ ቤት መቀመጥ ጀመርኩ። የዕድሜ ልክ ህልሜ ነበር። ተዋናዮቹ ይቀልዳሉ፣ ይከራከራሉ፣ መጽሐፍ ይጠራሉ። እኔ ዳር ይዤ እስቃለሁ። አንዳንዴ አንድ ነገር ልል ስጀምር አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው አስተናጋጅ ይጠራል። ንቀውኝ አይደለም፤ የምለው ነገር ስላልነበረኝ ነው።

አንድ ቀን ስለ ቤተሰብ ድራማ ተነሣ። ይትባረክ፣ "ባል ከውጪ ወለደ፣ ሚስት ሄዳ ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ፤ ከዚህ ሌላ ምን አለ? ሰልችቶኛል" አለ።

እኔ ከዚህ ሌላ አውቅ ነበር።

ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ማንም አላስገደደኝም፤ አልጠጣሁም፤ አፌ አምልጦኝም አይደለም። አንደኛውን ቃል ከሁለተኛው እያስከተልኩ፣ ቆም እያልኩ፣ ተዋናይ እንደሚያደርገው ዝምታውን እያረዘምኩ ነገርኳቸው። የእናቴን ቃል በእናቴ ድምፅ አልኩላቸው። አብራት የነበረችውን ሙስሊም ጎረቤት አልተውኩም። "ደስ አለኝ" የሚለውን፣ ያን በሁለት ሰው መካከል የተቀበረውን፣ እሱንም አወጣሁላቸው። የአንዲት የማውቃት ሴት ታሪክ ነው ብዬ ብቻ ጀምሬ ነበር። ስጨርስ ማንም ስልኩን አላየም። አንዷ ተዋናይት ዓይኗን ጠረገች።

ይትባረክ፣ "ይሄን ጽፈኸዋል?" አለኝ።

"እኔ? እኔ ሽቦ ነው የማውቀው" አልኩት።

"እንግዲያው ለኔ ስጠኝ።"

ሰጠሁት። የኔ እንደሆነ ሁሉ ሰጠሁት። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም። እናቴን የሸጥኩት ለዚህ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው እንዲያዳምጡኝ።

ቴአትሩ ለመድረክ በቃ። ልምምዱን አይቻለሁ፤ ምን እንዳለበት ቃል በቃል አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብዬ ላታልላችሁ አልችልም። እናቴ ቴአትር ቤት ገብታ አታውቅም፤ "ዓለማዊ ነገር ነው" ትለኝ ነበር፣ ሳትቆጣ። በዚያ ሰሞን ግን ምን እንደነካት አላውቅም፣ አንድ ቀን እራት ላይ፣ "እስቲ ይሄን ቴአትርህን አንድ ጊዜ አሳየኝ። ምን እንደሚያስለቅስህ ልየው" አለችኝ።

በከተማው ሌላ ቴአትር ሞልቷል። ሳቅ በሳቅ የሆነ ነበር፤ የታሪክ ነበር። ወደዚያ ልወስዳት እችል ነበር። ለምን ወደዚህኛው ወሰድኳት? ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ፤ ያደረገችው ነገር ትልቅ እንደሆነ ታይ፣ ሰው ሲያጨበጭብላት ትስማ የሚል። ውሸት ነው። እውነቱን ዛሬ ልናገር። ራሷን መድረክ ላይ ስታይ ፊቷ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው። ይህን ያህል ነበር የታመምኩት። ወላጅ እናቴ ከኔ ጋር የምታይ ሳትሆን የማያት ትርዒት ሆነችብኝ።

"ሙኒራ ካልመጣች አልሄድም፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንዴት እቀመጣለሁ?" አለች። እትዬ ሙኒራ ደግሞ ልጃገረድ እንደሆኑ ሁሉ ደስ ብሏቸው አዲሱን ሻርፓቸውን ለብሰው መጡ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በሚኒባስ ወረድን። መንገድ ላይ ሲሳሳቁ ሰው ዞሮ ያያቸው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ እናቴን መሀል አስቀመጥናት፤ በቀኟ እኔ፣ በግራዋ እትዬ ሙኒራ። መብራቱ ሲጠፋ ደነገጠች። "ሙኒራ፣ ያዢኝ" አለች፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ይትባረክ ታሪኩን አሳምሮታል፤ ማለት አበላሽቶታል። ሰው እንዲስቅ ብሎ ጎረቤቲቱን ወሬኛ አድርጓት ነበር። ትልቅ ሻርፕ ያጠለቀች ተዋናይት እየተንጎራደደች ገብታ የሰፈሩን ገመና ሁሉ ስትዘከዝክ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሙኒራም ሳቁ፤ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ "ይቺስ እኔን አትመስልም?" አሏት። እናቴ ፈገግ አለች። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ነበር። መድረኩን ትቼ እነሱን እያየሁ ነበር።

ሚስቲቱና ጎረቤቲቱ የሴትየዋን በር ገፍተው ሲገቡ እናቴ ቀና አለች። ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሚስቲቱ በሩ ላይ ቆማ ቆማ ነጠላዋን አወለቀች።

"ልሰድብሽ ነበር የመጣሁት። ዱቄቱ የት ነው?"

ሰዉ ሳቀ፤ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፤ ጭብጨባም ነበር። የእናቴ ፊት የመድረኩ ብርሃን አርፎበታል። ሊታይ የሚችለውን ሁሉ አየሁ። የፈለግኩትን አገኘሁ። መጀመሪያ አልገባትም፤ ቀጥሎ የሆነ ሰው በአደባባይ ልብሷን የገፈፋት ያህል ትከሻዋን ሰበሰበች። እትዬ ሙኒራ አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። ግራ ገብቷቸው ወደ እናቴ ዞሩ፤ እናቴ ግን አልዞረችላቸውም። ገና ትጠብቅ ነበር። የአስኮዋ ሴት ራሷ ለሰው ተናግራ ይሆናል ብላ ያሰበች ይመስለኛል፤ ጓደኛዋን አልጠረጠረቻትም ነበር ገና።

ከዚያ መብራቱ ደበዘዘና ሚስቲቱ ለጎረቤቷ እያለቀሰች፣ "የባሌን ጥፋት አቅፌ ደስ አለኝ፤ በዚህ ነው የማፍረው" አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቴ እጇን ከእትዬ ሙኒራ እጅ ውስጥ ቀስ አድርጋ ሳበችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ይህን አየሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ቃል የሰማ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ብላ ነበር የምታምነው፤ ያ ሰው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጧል። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። በጨለማው ጆሮዋ አጠገብ ነበርኩ። አላልኩም። መጋረጃው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ካላጨበጨብኩ ትጠረጥረኛለች ብዬ አጨበጨብኩ።

ዋናው በር ላይ ይትባረክ ቆሞ እንግዶቹን እየጨበጠ ነበር። "ታምራት!" ብሎ ቢጠራኝ አለቀልኝ። "እዚያ ግፊያ ነው" ብዬ በጎን በር ይዣቸው ወጣሁ። አያችሁ? እናቴ ስትቆስል ያልሠራ አእምሮዬ ለራሴ ማምለጫ ሲሆን ፈጠነ።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ከፊት፣ ለብቻዋ ተቀመጠች። እትዬ ሙኒራ ከኋላ ሆነው ጀርባዋን ሲያዩ መጡ። ኮልፌ ስንወርድ፣ "አስካለ፣ ወላሂ እኔ..." ብለው ጀመሩ። እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። "ደህና እደሪ ሙኒራ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። በማግስቱ የአጥሩ በር ከኛ በኩል በሽቦ ታስሮ አየሁት። ያሰረችው ራሷ ናት፤ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ለኔ ነበር የምትተወው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሞኝነት ልትሉት ትችሉ ይሆናል፤ ያልበሰለ ሰው ሥራ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችሉ ይሆናል። እኔም ቢያንስ እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ እላለሁ። አላቆምኩም።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እትዬ ሙኒራ ጋራዥ መጡ። እዚያ መጥተው አያውቁም። መኪና መሀል፣ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆሙ። ከስተዋል።

"ታሜ ልጄ፣ አንተ እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለህ አይደል?" አሉኝ።

"እነማንን?"

"ቴአትር የሚሠሩትን። አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የጻፈውን ሰውዬ ከማን እንደሰማ ጠይቅልኝ። እናትህ እኔን አትሰማኝም፤ አንተን ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት አፌን ዘግቼ፣ እንዲህ ሆኜ ልሙት?"

ስለ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። በዚያ ሰዓት እንኳ የእናቴን ገመና ለልጇ ላለመናገር ይጠነቀቁ ነበር። እኔ ደግሞ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ "ከማን ምኑን ሰማ ልበለው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

"እሱ ያውቀዋል። ዝም ብለህ ጠይቀው" አሉ።

"እሺ እትዬ ሙኒራ፣ እጠይቅልዎታለሁ" አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እናቴ መምጣታቸውን ከሰው ሰማች። ማታ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሳታየኝ፣ "ሙኒራ ወዳንተ መጥታ ነበር አሉ" አለችኝ።

"መጥተው ነበር። የዚያን ቴአትር ደራሲ እንድጠይቅላቸው።"

"ጠየቅክላት?"

አልጠየቅኩም። ምን ብዬ፣ ማንን እጠይቃለሁ? "ጠይቄዋለሁ" አልኩ።

እጇ ቆመ። "ምን አለህ?"

እዚህ ላይ ነው። ዓመታት ሙሉ በሌሊትም በቀንም የምመለስበት እዚህ ላይ ነው። "አላስታውስም አለኝ" ብል ይበቃ ነበር። "ከአገር ቤት የመጣች ሴት ነገረችኝ አለ" ብል የሩቋን ሴት ከስሼ የቅርቧን አተርፍ ነበር። ሁለቱም ውሸት ናቸው፤ ግን ማንንም አይገድሉም ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ነገሩ ካልተዘጋ አንድ ቀን ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። እንዲዘጋ ፈለግኩ።

"ከአንዲት የኮልፌ ሴት ሰምቼ ነው አለኝ። ሻርፕ የምታደርግ፣ ትልቅ ሴት" አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰችው። "በቃ" አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ የሙኒራን ስም በቤታችን አላነሣችም።

ለእትዬ ሙኒራ ደግሞ፣ "ሰውዬው አላስታውስም አለኝ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። "እሺ ልጄ፣ ደከምክ" አሉኝ። በዓመቱ ቤታቸውን አከራይተው ልጃቸው ጋ፣ ዘነበወርቅ ገቡ።

በሚቀጥለው እሑድ ቴአትር ቤት ሄድኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሄድኩ። ያንኑ ቴአትር ደግሜ አየሁት። ደግሜ ደጋግሜ። በ"ዱቄቱ የት ነው" ከሰው ጋር ሳቅኩ፣ በ"ደስ አለኝ" ከሰው ጋር አለቀስኩ። ይትባረክ ትከሻዬን ይዞ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ፣ "ታሪኩን የሰጠኝ እሱ ነው" ሲል፣ አንገቴን ሰብሬ ፈገግ እል ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ጓደኛ አልያዘችም። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሰው ሲሞት ትደርሳለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች። ግን ለማንም ምንም አትነግርም ነበር። መጨረሻዋ ላይ ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ስትይዝ ሴቶች በየተራ እየመጡ ይጸልዩላታል፤ ትስቅላቸዋለች፤ ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ ሳጠጣት፣ "ሙኒራ ደህና ትሆን?" አለችኝ፣ ድንገት።

"ደህና ናቸው" አልኳት። ከኮልፌ ከወጡ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ይቅር ብያታለሁ። ካገኘሃት ንገራት" አለች።

ምንም ያልበደለቻትን ሴት ይቅር ብላ ተኛች። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ብርጭቆ ይዤ ተቀምጫለሁ። አሁን፣ አሁን እነግራታለሁ እላለሁ። ሕመምተኛ ናት፣ ላስደነግጣት አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ለእሷ አስቤ ነው? ለእሷ አስቤ የማውቀው መቼ ነው? በዓይኗ ውስጥ ልጇ ሆኜ ልቆይ ፈልጌ ነው። ያ ሳምንት ሳያልቅ ሞተች።

እትዬ ሙኒራ ለቅሶው ላይ መጡ። ጎረቤቱ መጣላታቸውን እንጂ ምክንያቱን አያውቅምና፣ ሲገቡ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የእኛ ሰዎች መዝሙር እየዘመሩ ነበር። እሳቸው ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመው፣ "አስካለ፣ ሳታናግሪኝ? አስካለ፣ ሳታናግሪኝ?" ብቻ እያሉ አለቀሱ። መዝሙሩ ቆመ። ከአንድ ሰው በቀር ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም።

ሄድኩ፤ ከወራት በኋላ። ዘነበወርቅ ልጃቸው ቤት፣ ፀሐይ በሚገባበት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ከኮምፔንሳቶው ጀምሬ እናቴን እስከዋሸኋት ድረስ። ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፈልጌውም ነበር።

"አውቅ ነበር" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"'አላስታውስም አለኝ' ያልከኝ ቀን። በልጅነትህም ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

"ምን ብዬ? ልጅሽ ነው ልበላት? የባሏን ክህደት ችላ ኖረች። ያለሙኒራ መኖር ትችላለች። የልጇን ግን ... እሱን አትችለውም ብዬ ነው።"

እዚያው ተንበረከክኩ። እግራቸውን ልይዝ ስል ሰበሰቡት።

"የኔን ይቅር ብዬሃለሁ። ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ" አሉ። "የእሷን ግን በእጄ የለም። ከየት አምጥቼ እሰጥሃለሁ?"

እናቴ ይቅር እንዳለቻቸው እንድነግራቸው አዝዛኝ ነበር። ልናገረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ላልበደሉት በደል ይቅርታ እንዴት እሰጣቸዋለሁ? ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ ትክክል ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም።

የሰላት ሰዓት ደርሶ ተነሡ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ሲሄዱ ልደግፋቸው ብጠጋ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ተው እንደማለት። ሰግደው ሲመለሱ እዚያው ቆሜ ነበር።

"ሂድ ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ከእንግዲህም አትምጣ። ዓይኔ ደክሟል፤ ብዙ ነገር አላይም። አንተን ሳይ ግን እሷን ነው የማየው።"

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

እንግዲህ ሁሉንም ነገርኳችሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን የበደልኩት ነገር የለምና ይቅርታችሁ ምንም አይፈታልኝም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። የጥበብ ፍቅር ነው ያሳተኝ አልልም፤ ጥበብ "ዋሽ" አላለችኝም። እናቴ እንደ ገዛ እህቷ የምትወዳት ሴት እንደከዳቻት አምና፣ በዚያ ሐዘን ብቻዋን ኖራ ሞተች። ያሳመንኳት እኔ ነኝ።